በአሮጌ የቫልቭ ድምፅ ማጉያ ውስጥ የጉርምርምታን ምንጭ ስለ መፈለግ



አንድ መሣሪያ ጨርሶ ሥራውን ሲያቆም ብልሽቱን ማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው እየሠራ የታመመ፣ ይኸውም ተግባሩን ሳያቋርጥ ያልተፈለገ ነገር የሚጨምር መሣሪያ ነው። ለቤዝ ጊታር የተሠራው የቀድሞ ዘመን የቫልቭ ድምፅ ማጉያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ሙዚቀኛው ክሩን ሳይነካ ከስፒከሩ የሚወጣውን የማያቋርጥ ጉርምርምታ ባለሙያዎች «ሃም» ይሉታል። ይህን ጉርምርምታ ለማጥፋት ሲባል አንዱ ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን ሁሉ ይለውጣል፤ ሌላው ቫልቮቹን ይለውጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ የመሬቱን ሽቦ ይቆርጣል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምናልባት ገንዘብ ያባክኑ ይሆናል፤ የሦስተኛው ሥራ ግን ሰው ሊገድል ይችላል። በመሆኑም ነገሩ በሥርዐት ሊታይ ይገባዋል።

ለምሳሌ ያህል ፌንደር ቤዝማን የተባለውን ማጉያ መውሰድ ይቻላል። ይህ ማጉያ እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ከ1958 እስከ 1960 የተሠራው ዐይነቱ እስከ ዛሬ ድረስ እጅግ ይፈለጋል። በውስጡ አንድ የሬክቲፋየር ቫልቭ፣ ድምፁን በየደረጃው የሚያጎሉ ሦስት ትናንሽ ቫልቮች፣ እንዲሁም በግፊትና በስበት ተቀናጅተው ስፒከሮቹን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት የኃይል ቫልቮች ይገኛሉ። በመጀመሪያው ካፓሲተር ላይ ያለው ቮልቴጅ ከ400 ቮልት በላይ ነው።

በቤዝ ማጉያ ላይ ጉርምርምታ የሚጎላበት ምክንያት ግልጽ ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል፣ ቀጣዩ ክር ደግሞ 55 ጊዜ ይርገበገባል። የመብራት ኃይል ንዝረት በአሜሪካ 60 ሄርዝ፣ በኢትዮጵያ 50 ሄርዝ በመሆኑ፣ ጉርምርምታው የሚያርፈው መሣሪያው አጉልቶ እንዲያሰማ በታቀደበት ክልል ውስጥ ነው። ስለዚህ በማጣሪያ ቈርጦ መጣል አይቻልም፤ ጉርምርምታው ቢጣል ሙዚቃውም አብሮ ይጣላልና። የሚቀረው መንገድ ምንጩን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው።

በፍለጋው የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። በ50 ሄርዝ መብራት በሚሠራ ማጉያ ላይ ጉርምርምታው 50 ከሆነ፣ ምንጩ ከፊላመንት ሽቦዎች፣ ከትራንስፎርመሩ መግነጢሳዊ መስክ ወይም ከውጭ ከሚገባ መስክ ሊሆን ይችላል። 100 ከሆነ ግን በቅድሚያ የሚጠረጠረው የኃይል አቅርቦቱ ነው፤ ሙሉ ሞገድ የሚያስተካክል ሬክቲፋየር የመብራቱን ንዝረት እጥፍ ያደርጋልና። የመጀመሪያው ለስላሳና ወፍራም ሆኖ ይሰማል፤ ሁለተኛው ሻከር ይላል። ጆሮውን ያላመነ ሰው በኦሲሎስኮፕ ያረጋግጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ቦታው ይጠበባል። በመጀመሪያ የጊታሩ ገመድ ይነቀላል። ጉርምርምታው አብሮ ከጠፋ ጥፋቱ የማጉያው ሳይሆን የገመዱ ወይም የጊታሩ ነው፤ ሙዚቀኛው ዞር ሲል የሚጨምርና የሚቀንስ ከሆነም የጊታሩ ጠምዛዛ ሽቦ ከአካባቢው መስክ እየቀዳ ነው። ሁለተኛው ፈተና የድምፅ መቆጣጠሪያውን ወደ ዜሮ ማውረድ ነው። ጉርምርምታው ከቀነሰ ምንጩ ከመቆጣጠሪያው በፊት ነው፤ ካልተለወጠ ደግሞ ከእርሱ በኋላ ነው። ሦስተኛው፣ ማጉያውን እያጠፉ ትናንሾቹን ቫልቮች ከመግቢያው ጀምሮ በተራ አውጥቶ መሞከር ነው። አንዱ ሲወጣ ጉርምርምታው ከጠፋ፣ መነሻው ያ ደረጃ ወይም ከእርሱ በፊት ያለው ነው። ሦስቱም ወጥተው ጉርምርምታው ከቀጠለ፣ ኃይል ቫልቮቹና የኃይል አቅርቦቱ ብቻ ይቀራሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት አንድም ብየዳ አያስፈልግም።

ጥርጣሬው በኃይል አቅርቦቱ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ስሌት ይረዳል። ማጉያው 100 ሚሊአምፔር ቢስብና የመጀመሪያው ካፓሲተር 40 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በ60 ሄርዝ መብራት የቮልቴጁ መዋዠቅ ቢበዛ 21 ቮልት ያህል ይሆናል። በ50 ሄርዝ ግን 25 ቮልት ይደርሳል፤ ካፓሲተሩ በሁለት ሙሌት መካከል የሚጠብቀው ጊዜ ስለሚረዝም ነው። ከአሜሪካ የመጣን ማጉያ በኢትዮጵያ ለማሠራት 220 ቮልቱን የሚቀንስ ትራንስፎርመር መጠቀም የተለመደ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ንዝረቱን አይለውጥም። በአገሩ ጸጥ ያለ የነበረ ማጉያ እዚህ ቢያጉረመርም፣ የኃይል ትራንስፎርመሩም ከቀድሞው ይበልጥ ቢሞቅ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ውስጠኛው ፈሳሽ በዓመታት ብዛት ሲደርቅ አቅሙ ይቀንሳል፤ አቅሙ በግማሽ ሲቀንስ መዋዠቁ እጥፍ ይሆናል።

ሆኖም 25 ቮልት ቢዋዥቅም ጤነኛ ማጉያ ጸጥ የሚልበት ምክንያት አለ። ሁለቱ የኃይል ቫልቮች እኩል በሚስቡበት ጊዜ መዋዠቁ በመውጫ ትራንስፎርመሩ ሁለት ጎኖች ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጣፋል። አንደኛው ቫልቭ ሲደክም ሚዛኑ ይፈርሳል፣ ጉርምርምታውም ይወጣል። ስለዚህ ካፓሲተር ከመለወጥ በፊት የሁለቱን ቫልቮች ከረንት ለክቶ ማነጻጸር ይገባል። የ50 ሄርዙ ጉርምርምታ ሲሆን ደግሞ የ6.3 ቮልቱ ፊላመንት ሽቦዎች በደንብ መጠማዘዛቸው፣ መካከለኛ ነጥባቸውም ከግራውንድ ጋር መገናኘቱ ይመረመራል።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ መምጣት ያስፈልጋል። የዚያን ዘመን ማጉያዎች ብዙዎቹ ባለ ሁለት እግር ስፒና ሲሆኑ፣ ከመብራቱ አንድ መስመር ወደ ሻሲው የሚሄድ ትንሽ ካፓሲተር ነበራቸው። ይህ ካፓሲተር ውስጡ ከተገናኘ ሻሲው፣ ከሻሲውም ጋር የጊታሩ ክሮች፣ የመብራቱን ሙሉ ቮልቴጅ ይሸከማሉ። ስለዚህ ካፓሲተሩ ተነቅሎ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ይገባል፤ የመሬቱም ሽቦ ከሻሲው ጋር በጥብቅ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሁለት መሣሪያዎች በየራሳቸው የመሬት መስመርና በድምፅ ገመዱ አማካይነት ቀለበት ሲሠሩ አዲስ ጉርምርምታ ሊነሣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ነው የመሬቱን ሽቦ የመቁረጥ ፈተና የሚመጣው። ሽቦው ሲቆረጥ ጉርምርምታው በእርግጥ ይጠፋል፤ መድኃኒት የሚያስመስለውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታር ተጫዋች ሌስ ሃርቪ በዌልስ ስዋንሲ ከተማ በመድረክ ላይ ሳለ፣ በአግባቡ መሬት ያልታሰረ ማይክሮፎን ነክቶ በኤሌክትሪክ አደጋ ሞቷል። ቀለበቱ መቆረጥ ያለበት በድምፁ መስመር ላይ፣ በመለያ ትራንስፎርመር ነው፤ የደኅንነቱ ሽቦ አይነካም።

ጠጋኙም ራሱን መጠበቅ አለበት። ማጉያው ከመብራት ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሙሌታቸውን ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ በሬዚስተር በኩል ማራገፍና ዜሮ መድረሳቸውን በቴስተር ማረጋገጥ የማይታለፍ ሥራ ነው። በተጨማሪም የተገኘው ንባብ ሁሉ፣ የተለወጠውም ዕቃ በወረቀት ተጽፎ በማጉያው ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከዓመታት በኋላ የሚከፍተው ባለሙያ ፍለጋውን ከባዶ አይጀምርም።

ማጉያውን የሰጠው ሙዚቀኛ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ጸጥታ። መሐንዲሱ ግን ከጸጥታው ጋር ሌላም ነገር ይመልስለታል፤ ሙዚቀኛው አንድ እጁን በክሩ ላይ፣ ሌላውን በማይክሮፎኑ ላይ ሲያደርግ በሕይወት መቆየቱን።