የሥራ ፈቃድ ስለ መጠበቅ



ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋ ተነሥተን ውጭ አገር ለመማር የምናስብ ጥቂቶች አይደለንም። ስለ ነፃ የትምህርት ዕድል አብዝተን እንነጋገራለን፤ ዲግሪው ከተያዘ በኋላ ስለሚመጣው የሥራ ፈቃድ ግን ዝም እንላለን።

በአሜሪካ የሚመረቅ የውጭ አገር ተማሪ ማመልከቻውን ትምህርቱ ከማለቁ 90 ቀን በፊት ጀምሮ፣ ካለቀም በኋላ እስከ 60 ቀን ድረስ ማቅረብ ይችላል። ካርዱ ወጥቶ ቀኑ እስኪደርስ ግን ደመወዝ ያለበትን ሥራ አይነካም። እንግዲህ በመጀመሪያው ሳምንት ያመለከተውና የምረቃው ድግስ እስኪያልፍ የቆየው የቤት ኪራይ ዕዳቸው እኩል አይሆንም። ጀርመን ለዘብ ትላለች፤ እዚያው ለተመረቀ ሰው ሥራ መፈለጊያ እስከ 18 ወር ትሰጣለች፣ በዚህም ጊዜ መሥራት አይከለከልም።

የከበደው ሌላ ነው። ሰቆጣ ያለው ቤተሰብ ፍየሉን ሸጦ፣ ነጩን ማር ገበያ አውጥቶ ልጁን ሸኝቷል፤ «ተመረቅሁ» ሲለው «ደመወዝ ያዝሁ» ያለው ይመስለዋል። ዋግ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ከተጎዳ ወዲህ ደግሞ ተስፋው ሁሉ በልጁ ላይ ነው። ምሩቁም አፍሮ በስውር ሥራ ይገባል፤ ቢደረስበት በዚያ አገር የመቆየት መብቱን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ከመሳፈራችን በፊት፣ በአማርኛም በኽምጣንጋም፣ ከምረቃ በኋላ ያለ ገንዘብ የሚያልፉ ወራት እንዳሉ ለወላጆቻችን ቁርጡን እንንገራቸው። (ዝናብ መጠበቅን እነርሱ ያስተምሩናል፤ ጽሕፈት ቤት መጠበቅን ግን ማንም አላስረዳቸውም።) ማኅበራችንም ለዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት እንዲመድብልን፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ መምህሮቻችንም እነዚያን ወራት በምን እንዳለፉ መጥተው እንዲነግሩን እንለምናለን።