ከፈተና በፊት ወንበር ፍለጋ

ፈተና ሲቃረብ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ተማሪ ሁለት ጭንቀት አለበት፤ አንዱ ፈተናው፣ ሌላው ወንበር። ኬኔዲ ቤተ መጻሕፍት ያኔ ይሞላል፤ ማልዶ ቦታ የያዘ ይቀመጣል፣ የዘገየ ይመለሳል።

ግቢው ግን ሰፊ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነውና፣ የዛፉ ጥላ ሳይቀር ያስጠናል። እኔ የማደላው ትምህርት አልቆ ባዶ ለሚሆኑ ክፍሎች ነው፤ ሰሌዳ አላቸው፣ ለጓደኛ ጮክ ብሎ ማስረዳትም ይቻላል። ዶርም አልጋ ላይ ተጋድሞ ማንበብ ግን እንቅልፍን መጥራት ነው።

አንድ ቦታ የሙጥኝ ማለትም አያስፈልግም። ስሚዝ፣ ግሌንበርግና ቢዮርክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን የቃላት ዝርዝር በሁለት የተለያዩ ክፍሎች ያጠኑ ተማሪዎች፣ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ክፍል ካጠኑት የበለጠ አስታውሰዋል። አእምሮ የሚያጠናውን ከአካባቢው ጋር ስለሚያያይዝ፣ ቦታው ሲለዋወጥ የማስታወሻ ፍንጩም ይበዛል።

አዲስ ገቢዎች፣ ፈተና ሳይደርስ ግቢውን ዙሩት፤ መብራቱን፣ ሶኬቱን፣ በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት እዩ።