ኮረሪማን በግቢያችን ስለ መትከል



በመቱ፣ በጎሬና በሌሎቹ የኢሉባቦር ከተሞች የመንግሥት ሠራተኛው ግቢ ብዙ ጊዜ ሣሩ የታጨደ፣ ጽጌረዳው በተራ የቆመ፣ መሬቱም እስከ አጥሩ ድረስ የተጠረገ ነው። ንጽሕናው ያስመሰግናል። ነገር ግን ለወጣችን፣ ለቅቤያችንና ለቡናችን መዓዛ የሚሰጠው ኮረሪማ «የዱር ነው» ተብሎ ከዚህ ግቢ ሲቀር ማየት ያሳዝናል።

ኮረሪማ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ተወላጅ ነው። አንድ ጊዜ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት ይኖራል፤ ቁመቱም ከሰው ቁመት ጋር ይተካከላል። አበባው ግን በጫፉ ላይ አይወጣም። ከእግሩ ሥር፣ ከመሬቱ ላይ፣ በወደቀው ቅጠል መካከል ነጣ ያለ ወይን ጠጅ መልክ ይዞ ይፈካል። ፍሬውንም የሚይዘው እዚያው ነው።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ላይ ነው። ንጹሕ ግቢ የሚወድ ሰው በየሳምንቱ የተክሉን እግር ይኮተኩታል፤ ቅጠሉንም ይጠርጋል። በዚህም አበባውን አብሮ ይቆርጠዋል። ኋላም «ቅጠል ብቻ ሆነ» ብሎ ይነቅለዋል። ጥፋቱ ግን የመጥረጊያው እንጂ የተክሉ አይደለም።

ስለዚህ ኮረሪማን ለመትከል የሚያስብ ሁሉ በቅድሚያ ጥላ ያለውን ሥፍራ ይምረጥ። የዋንዛ ወይም የሌላ ዛፍ ጥላ ይስማማዋል፤ የጠራራ ፀሐይ ግን ይጎዳዋል። ዝናሙ ሲገባ ከመሬት በታች ከሚሄደው ሥሩ ቡቃያ ያለበትን ቁራጭ ይትከል። ዙሪያውን በድንጋይ ይክበበው፤ ከድንጋዩ ውጭ እንደ ልቡ ይጥረግ፣ ከድንጋዩ ውስጥ ግን የወደቀውን ቅጠል አይንካ። በዚህ ዓይነት ንጽሕናውም አይጓደልም፣ አበባውም አይጠፋም። ፍሬው ደማቅ ቀይ ሲሆን ይለቅመውና በፀሐይ ያድርቀው።

የሚተከለውን ሥር ግን ከደን ቆፍሮ ማምጣት አይገባም። ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. የያዩን የቡና ደን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ያሰፈረው እንዲህ ያለው ሀብት በሥፍራው እንዲጠበቅ ነው። በጓሮው ካለማው ገበሬ ጠይቆ መውሰድ ይበቃል።

«ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጃል፤ እኔ ግን ነገ እዛወራለሁ» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም። እውነት ነው። ሆኖም ዛሬ በጥላው የሚያርፍበትን ዛፍ የተከለው ከእርሱ በፊት በዚያ ቤት የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል። እርሱም በተራው ከኋላው ለሚመጣው ባልደረባው ኮረሪማ ትቶለት ቢሄድ ሥራው ከንቱ አይሆንም።