ያልተጣጣመ ጊዜያዊ አንቴና በተሽከርካሪ ላይ



በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች የጭነት መኪና ነጂዎች የሚነጋገሩበት፥ ሲ.ቢ. የተባለው የአጭር ርቀት ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1973 የነዳጅ ችግር በኋላ በሰፊው ተሠራጨ፤ በ1977ም የመገናኛ መስመሮቹ ቁጥር ከ23 ወደ 40 ከፍ አለ። ዛሬ ቦታውን በአመዛኙ የእጅ ስልክ ቢወስድበትም፥ የስልክ ምልክት በማይደርስባቸው የኔቫዳ በረሓ መንገዶች ላይ አሁንም ዋጋ አለው። በኤ.ኤም. የተፈቀደለት ኀይል 4 ዋት ብቻ በመሆኑ የመልእክቱ መድረስና አለመድረስ ከሁሉ ይልቅ በአንቴናው ላይ ይመሠረታል።

ችግሩ የሚጀምረው መኪናው የኪራይ ወይም የውሰት ሲሆን ነው። የሰው መኪና ጣሪያ አይበሳም። ስለዚህ ነጂው በማግኔት የሚጣበቅ አጭር አንቴና ያስቀምጣል፤ አለዚያም ለሌላ ሥራ የተዘጋጀ፥ በእጁ የተገኘ አንቴና ይሰካል። የ27 ሜጋኸርዝ የሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ የሩብ ሞገድ ዘንግ 2.75 ሜትር ግድም ይደርሳል፤ ይህን በጣሪያው አቁሞ ከድልድይ በታች ለማለፍ የሚደፍር ጥቂት ነው። አጫጭሮቹ አንቴናዎች የጎደላቸውን ርዝመት በተጠቀለለ ሽቦ ያካክሳሉ።

የቋሚ ሞገድ ምጣኔ መለኪያው 3 ለ 1 ሲያሳይ ብዙ ሰው ይደነግጣል። በስሌት ሲታይ ግን ከአንቴናው የሚመለሰው ከተላከው ኀይል ሩቡ ነው፤ ጉድለቱም 1.25 ዴሲቤል ነው። በመቀበያው መርፌ ላይ አንዱ የምልክት ደረጃ በደንቡ 6 ዴሲቤል መሆኑ ሲታሰብ፥ በሌላው ጫፍ ያለው አድማጭ ልዩነቱን ጨርሶ ላያስተውለው ይችላል። ጉዳቱ የሚያሰጋው የማሠራጫውን የመጨረሻ ትራንዚስተር ነው፤ ያልታቀደለትን ጭነት ተሸክሞ ይግላል፥ ንግግሩ ሲረዝምም ሊቃጠል ይችላል።

ይበልጥ የሚያታልለው ጥሩው ንባብ ነው። በአንቴናው ፈንታ የ50 ኦም ሬዚስተር ቢሰካ መለኪያው 1 ለ 1 ያሳያል፤ ኀይሉ ግን ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አጭር አንቴናም በከፊል እንዲሁ ነው። የማሠራጨት ሬዚስታንሱ ጥቂት ኦም ብቻ ሲሆን፥ የጥቅል ሽቦውና የመኪናው አካል ብክነት ሲደመርበት ወደ 50 ኦም ይጠጋል። መለኪያውን ያሳመረው ብክነቱ ራሱ ነው ማለት ነው። ቀጭንና ረጅም ኬብልም፥ የሚመለሰውን ኀይል በመንገድ ስለሚያስቀር፥ ይህንኑ ሐሰት ያግዛል።

መስማትም እንደዚሁ ያሳስታል። አማተሮች በ146 ሜጋኸርዝ የሚገለገሉበት 50 ሳንቲሜትር ያህል ዘንግ በሲ.ቢ. ሬዲዮ ላይ ቢሰካ ድምፅ በሚገባ ያሰማል። ምክንያቱም በ27 ሜጋኸርዝ ከውጭ የሚመጣው ሁከት ከመቀበያው የራሱ ሁከት ስለሚበልጥ፥ ደካማው አንቴና ምልክቱንና ሁከቱን አብሮ ይቀንሳል እንጂ አንዱን ከሌላው አያሳንስም። በበረሓ መኪናው የቆመበት ሰው የሌሎችን ጨዋታ እየሰማ ይጣራል፤ እርሱን ግን የሚሰማው የለም። በዚህ ዓይነት ዘንግ መናገሪያውን መጫን ትራንዚስተሩንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

የመኪናው አካል የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የማግኔቱ ጠፍጣፋ መሠረት ከቀለሙ ሥር ካለው ብረት ጋር እንደ ካፓሲተር ሆኖ ይገናኛል፤ ስለዚህ ሰፊ መሠረት ከጠባቡ ይሻላል፥ የጣሪያው መካከልም ከኋላ ኮፈን ጠርዝ ይመረጣል። ከ2015 ሞዴል ጀምሮ እንደ ወጣው ፎርድ ኤፍ-150 አካሉ አሉሚኒየም በሆነ መኪና ላይ ግን ማግኔቱ አይዝም። በመስታወቱ ክንድ ላይ በማሰሪያ ማቆምና በአጭር፥ በተጎነጎነ የመዳብ ማሰሪያ ከመኪናው አካል ጋር ማያያዝ ያስፈልጋል። ይህ ሲጎድል የኬብሉ ሽፋን ራሱ አንቴና ይሆናል፤ ኬብሉ በእጅ ሲነካ የመለኪያው መርፌ መንቀሳቀሱ ምልክቱ ነው።

ልኬቱ በሮቹ ተዘግተው፥ ከግንብና ከሌላ መኪና ራቅ ተብሎ በ1ኛውና በ40ኛው መስመር ይወሰዳል። ምጣኔው በ1ኛው ከከፋ ዘንጉ አጥሯል፤ በ40ኛው ከከፋ ረዝሟል። በሁሉም ላይ ከፍ ካለ ዘንጉን ከመቁረጥ በፊት ኬብሉንና ከአካሉ ጋር ያለውን ግንኙነት መመርመር ይገባል፤ የተቆረጠ ዘንግ አይቀጠልምና። ከዚያ በኋላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሌላ ጣቢያ፥ የትኛው አንቴና እንደ ተሰካ ሳይነገረው፥ በመርፌው ያነበበውን እንዲናገር ይጠየቃል።