እርከኑ የባከነ መሬት አይደለም
በሐሙሲት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው የእርከኑን ነገር ነው። በጥርና በየካቲት ወጥተን የምንሠራው፣ የእርሻ ወቅት ሲመጣ ደግሞ አንዳንዱ በሞፈር እየገፋ የሚያጠበው እርከን። «መሬት ባከነ» ይባላል። እኛ አልባከነም እንላለን።

ኑግን ተመልከቱ። የኑግ ተክል በራሱ ብናኝ አያፈራም፤ ከሌላ ተክል የሚያመጣለት ይፈልጋል፤ የምታመጣለትም በዋናነት ንብ ናት። ባቄላም ንብ ሲጎበኘው የተሻለ ይይዛል። ጤፍ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ንብ አይሻም። ግን ማሳውን የሚያፈራርቅ ሰው አንድ ዓመት ኑግ ወይም ባቄላ መዝራቱ አይቀርም። ንቧስ መስከረምና ጥቅምትን በአደይና በኑግ ጠግባ ከዚያ በኋላ ምን ትበላለች? እርከኑ ላይ ሰስባንያና የርግብ አተር ቢኖር አበባው ለንብ፣ ቅጠሉ ለላም ይሆናል።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ ገበሬው ከማሳው ድንጋይ ለቅሞ ካብ ክቧል፤ ከብቱ ከደኑ ተከለከለ፣ ማሳውም ከድንጋይ ጸዳ። በሁለት ደኖች መካከል ያለው ግን የእኛ ማሳ ነው። ንብም ወፍም የሚሻገሩት በእኛ ወሰን ላይ ነው።

«አይጥ ይራባል» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ሣሩ ሳይታጨድ ከቆየ ይራባል። ስለዚህ እንጨደው፤ ግን በአንድ ቀን ሙልጭ አድርገን አይደለም። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን አበባው ካለፈ በኋላ። ጅግራም መሸሸጊያ ታገኛለች።

ከሁሉ የሚያሰጋን መርጫው ነው። የክሽክሽ መድኃኒት አበባ በያዘ ባቄላ ላይ ረፋድ ከተረጨ የጎረቤት ቀፎ ባዶ ሊቀር ይችላል። አመሻሽ ላይ፣ ንብ ከገባች በኋላ ይረጭ፤ አስቀድሞም ለባለ ቀፎው ይነገር። ድሮ ቀፎ ዛፍ ላይ የሚሰቀል የወንድ ሥራ ነበር፤ የሽግግር ቀፎ ከመጣ ወዲህ እኛም ጓሮ አስቀምጠን ማር እንቆርጣለን። ንቧ ስትሞት የሚቀረው የልጆቻችን ደብተር መግዣ ነው።

በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም አለ። እርከኑ ይታረስ ወይስ ይቆይ ሲባል እኛም እንጠየቅ። ረጂዎቻችንም ቀፎ ብቻ አትስጡን፤ የሰስባንያ ዘር ጨምሩልን፣ ለክረምቱ ተከላ ችግኝ እንድናደርስበት በጊዜ ይድረሰን።