ሕንፃው ሳይፈርስ ልኩን ስለ መያዝ



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ስለ አብያተ ክርስቲያናት ሕንፃ አጠባበቅ ጥቂት እንድናገር ስለ ፈቀዳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልክተኞች ጋራ ወደ አገራችን የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ የጥንቲቱን የአክሱም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን በዓይኑ አይቶ፥ እጅግ ትልቅ እንደ ነበረችና ጐን ለጐን የተዘረጉ አምስት ክፍሎች እንደ ነበሯት ጽፎልናል። እርሷም በ1527 ዓ.ም. ግድም በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋች፤ በስፍራዋ የምናያት አሮጌዪቱ ቤተ ክርስቲያን በአፄ ፋሲለደስ ዘመን የታነጸች ናት። እንግዲህ የቀድሞዪቱን መልክ መልሶ ለመሣል የሚፈልግ ሰው፥ በእጁ ያለው የመሠረቷ ድንጋይና በጽሑፍ የቀረ ቃል ነው። ጣራዋ ስንት ክንድ ከፍ ይል ነበር? ዐምዶቿስ ምን ያህል ይራራቁ ነበር? በዛሬ መሣሪያ የለካ የለም። ስለዚህ ዛሬ በኮምፒዩተር የሚሣለው ሥዕሏ ምንም ቢያምር ብዙው ግምት ነው፤ ግምት መሆኑም በሥዕሉ ላይ ካልተጻፈ፥ ልጆቻችን እንደ እውነት ይቀበሉታል። ይህን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሠዓሊ፥ በእኔ አስተያየት፥ ከጠቀመው የበደለው ይበልጣል።

ልኩ አስቀድሞ የተያዘለት ሕንፃ ግን ዕድሉ ሌላ ነው። አንድሩ ታሎን የሚባል አሜሪካዊ የኪነ ሕንፃ ታሪክ መምህር፥ በ2002 ዓ.ም. በፓሪስ ያለችውን የእመቤታችንን ካቴድራል ኖትር ዳምን በሌዘር ለካ። መሣሪያው የብርሃን ጨረር ወደ ግድግዳው ይልካል፤ ጨረሩም ድንጋዩን ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ቈጥሮ ርቀቱን ያውቃል። መምህሩ መሣሪያውን ከኀምሳ በሚበልጥ ስፍራ እያቆመ ከአንድ ቢሊዮን የሚበልጥ ነጥብ ሰበሰበ፤ ከነዚህም ነጥቦች የሕንፃው መልክ በኮምፒዩተር ውስጥ ተሠራ። እርሱ በኅዳር ወር 2011 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ 7 ቀን እሳት ተነሥቶ የካቴድራሉን የእንጨት ጣራ በላ፤ ረጅሙም ጕልላት ወደቀ። የጣራውን እንጨት ደግሞ ሁለት የሕንፃ ባለሙያዎች በ2006 ዓ.ም. ግድም በእጃቸው ለክተውት ነበር። አናጢዎቹ ከነዚህና ከሌሎችም መዛግብት እየተረዱ ጣራውን እንደ ቀድሞው በአውሮፓ ባሉጥ እንጨት መልሰው ሠሩት፤ ካቴድራሉም በኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ።

በአገራችንም የደቡብ አፍሪካው የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በላሊበላ ከዓለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ ብልኃት ለክተዋል። ለውቅር ሕንፃ ልኩ ያለው ጥቅም ከሌላው ይለያል፤ የተሰነጠቀው ዓለት ድንጋይ በድንጋይ ተተክቶ አይታደስምና። ነገር ግን ከዓመታት በኋላ ዳግመኛ ተለክቶ ሁለቱ ልኮች ሲነጻጸሩ፥ ዓይን ያላየው የስንጥቅ መስፋት ይገለጣል።

ለእኛ ደብር ውድ መሣሪያ ላያስፈልግ ይችላል። አንድ ሰው በሕንፃው ዙሪያ ቀስ ብሎ እየተራመደ፥ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ የፊተኛውን አብዛኛ ክፍል ደግሞ እንዲይዝ አድርጎ ቢያነሣ፥ ኮምፒዩተር ከነዚያ ሥዕሎች ቅርጹን ያወጣል፤ መጠኑም እንዲታወቅ በገመድ የተለካ አንድ ርዝመት ይጨመርበታል። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶቻችን ይህን ሊማሩት ይችላሉ። ቅኔ ማኅሌቱና የውጭው ግድግዳ አያስቸግርም፤ ወደ መቅደስ ግን ሥርዓቱ የፈቀደለት ካህን ካልሆነ ማንም አይገባም፤ መለካቱም ይገባ ወይም አይገባ እንደ ሆነ አባቶች ይወስኑ።

ልመናዬ፥ የጣራው ቆርቆሮ ሳይለወጥና ግድግዳው አዲስ ቀለም ሳይቀባ ሥራው እንዲጀመር ነው። የተያዘውም ልክ በሁለት ግልባጭ ይሁን፤ አንዱ በደብሩ ጽሕፈት ቤት፥ ሁለተኛው ከዚህ ግቢ ውጭ በሀገረ ስብከቱ ይቀመጥ፤ ሕንፃውን የሚያገኘው እሳት መዝገቡንም አብሮ እንዳያገኘው።