ስለ ዓሣዎቹ ሞትና ስለተከተለው ወሬ

(በጥር ወር 2017 ዓ.ም. በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነገረ። ያልተገኙ አባላት እንዲያነቡት ስለጠየቁ እንዲለጠፍ ተደርጓል።)



ዛሬ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ መዋጮ ከመጀመራችን በፊት፣ ከኅዳር ወር ወዲህ በየቡናው ላይ ሲወራ ስለሰነበተው ስለ ዓሣዎቹ ሞት ጥቂት እንድንናገር ኮሚቴያችን ወስኗል። «ለዓሣም ስብሰባ ይጠራል እንዴ?» ብለው የሳቁ እንዳሉ ሰምተናል። የዓሣ ነገር ብቻ ቢሆን እኛም ዝም ባልን። ነገር ግን የአንዲት ሠርታ አዳሪ ልጅ ስምና የሁለት ወር ደመወዝ ስላለበት ዝም ማለት አልተቻለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከላይኛው መንገድ በአንድ አባላችን ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ አኳሪየም የሚባለው የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት አለ። መቶ ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ከላይ ከላይ የሚዋኙ ጉፒ የተባሉ ባለ ቀለም ትናንሽ ዓሣዎች አሉበት። ከሥር ደግሞ ጠጠሩን በጢማቸው እየፈተሹ የሚውሉ ስድስት ዓሣዎች ነበሩ። ኮሪዶራስ ይባላሉ፤ ዘራቸው የደቡብ አሜሪካ ነው። እኛ ከጣናና ከዝዋይ የምናውቀው የአምባዛ ሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ቁመታቸው ግን ከጣት አይበልጥም። እነዚህ ስድስቱ ከኅዳር 3 እስከ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ አንድ በአንድ አለቁ። ከላይ ካሉት ጉፒዎች ግን አንድም አልሞተም።

ታዲያ ምን ተባለ? አንዳንዱ ዓይን ነው አለ። አንዳንዱ ኅዳር 12 ቀን ሠፈሩ ሲታጠን የገባ ጭስ ነው አለ። በመጨረሻ ሁሉም ጣቱን የቀሰረው በቤት ሠራተኛዋ ላይ ሆነ። ልጅቷ ሳሎኑን በበረኪና ስለምትወለውል «ጠብ አድርጋበት ነው» ተባለ። ከሥራ ተሰናበተች፤ ያልተከፈላት የሁለት ወር ደመወዝም ለዓሣው ዋጋ ተብሎ ተያዘ። ይህም ሳይበቃ፣ ሌላ ቤት ልትቀጠር ሄዳ «መርዝ የምታስገባዋ አንቺ ነሽ ወይ?» ተብላ ከበር ተመለሰች። ከአክስቷ ጋር ሆና ወደ ማኅበራችን የመጣችው ያን ጊዜ ነው።

እኛም ሦስት የኮሚቴ አባላት ሆነን፣ የባዮሎጂ መምህር የሆኑ አንድ ነዋሪ ጨምረን ወደ ቤቱ ሄድን። አባወራው ቅር ሳይሰኙ አስገቡን፤ ይህ ነገር በስብሰባ እንዲነገርም ፈቅደዋል፤ ለዚህ እናመሰግናቸዋለን።

ከሁሉ በላይ የረዳን የቤቱ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ነው። ዓሣዎቹን ይወዳቸው ስለነበር የሞቱበትን ቀን በደብተሩ ጽፏል፤ በእርሳስ ሥዕላቸውንም ሥሏል። ኅዳር 3 አንድ፣ ኅዳር 9 አንድ፣ ኅዳር 21 አንድ፣ ኅዳር 22 አንድ፣ ታኅሣሥ 2 ሁለት። ከጭሱ ቀን በፊት ሁለቱ ሞተዋል፤ ስለዚህ የጭሱ ወሬ እዚያው ላይ ቀረ። ልጅቷ ደግሞ ለኅዳር ጽዮን ፈቃድ ተሰጥቷት ከኅዳር 19 እስከ 24 ቀን አገር ቤት ነበረች። ሁለቱ ዓሣዎች የሞቱት እሷ በሌለችበት ነው! ይህን ወይዘሮዋም ራሳቸው አረጋግጠውልናል።

ስለ በረኪናውም መምህሩ እንዲህ ብለው አስረዱን። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን የዓሣን መተንፈሻ ስንጥብ ያቃጥላል። ውሃው ውስጥ ቢገባ ላይኛውንና ታችኛውን አይመርጥም፤ በሰዓታት ውስጥ ሁሉንም ያስጨንቃል። በወር ውስጥ እየቆጠረ ከሥር ያለውን ብቻ አይወስድም።

ከዚያ መምህሩ ቀጭን ቱቦ ወስደው ጫፉን ጠጠሩ ውስጥ አስገቡና ውሃውን ወደ ባልዲ ሳቡት። የወጣው ነገር ጥቁር ነው። ሽታው የገማ እንቁላል ነው፤ ወይዘሮዋ መስኮት ከፈቱ። ከላይ ሲታይ ውሃው እንደ ጠበል ኩልል ያለ ነበር እኮ! ጠጠሩ ወፍራም ስለሆነ ያልተበላው ምግብና ኩሱ ከሥር ተጠራቅሞ፣ አየር በሌለበት ሲበሰብስ ኖሯል። እንዲህ ያለው ብስባሽ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ የእንቁላሉ ሽታም እሱ ነው። ከዚህ ላይ ጢሙን አስገብቶ የሚውለው ደግሞ ኮሪዶራሱ ነው።

ይህ ሁሉ ወራት ካስቆጠረ፣ በኅዳር ምን አዲስ ነገር መጣ? መልሱን ያገኘነው ከዳቦ ቤት ነው። የሠፈራችን ዳቦ ቤት መብራት ሲጠፋ ሊጥ ስለሚበላሽበት ሌሊቱን ይመዘግባል። መዝገቡን ስናይ ኅዳር 2፣ ኅዳር 8 እና ኅዳር 20 ሌሊት መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቷል። ከልጁ ደብተር ጋር አስተያዩት፤ በየማግሥቱ አንድ ዓሣ ሞቷል።

መብራት ሲጠፋ የውሃው ማጣሪያ ሞተር ይቆማል። ሞተሩ ከቆመ ውሃው አይገላበጥም፤ አየር የሚያገኘው ላይ ላዩ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለውን ኦክስጂን ብስባሹ ይጨርሰዋል። ጉፒዎቹ ላይ ላዩን ስላሉ ይተርፋሉ። በዚያ ላይ ከተማችን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ጠረፍ ላይ፣ እንበል ጅቡቲ ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ የሚይዘው ኦክስጂንም በዚያው ልክ ያንሳል። ማሞቂያውም አብሮ ስለሚጠፋ የኅዳር ብርድ ይጨመርበታል። ልጁ ዓሣዎቹ ከሥር ተነሥተው ወደ ላይ እየሮጡ ሲመለሱ አይቶ ጨዋታ መስሎት ነበር። ኮሪዶራስ አየር በአፉ ጎርሶ በአንጀቱ የመተንፈስ ችሎታ ስላለው አልፎ አልፎ ይህን ያደርጋል። ሩጫው ሲበዛ ግን ከሥር አየር አጥቷል ማለት ነው።

ሌላም አለ። በማጣሪያው ስፖንጅ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ያን ደግሞ ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ናይትራይት ካልተለወጠ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙን ቡናማ ያደርገዋል፤ ደሙም ኦክስጂን መሸከም ያቅተዋል። ባክቴሪያዎቹም አየር ይፈልጋሉ፤ ሞተሩ ለብዙ ሰዓት ሲቆም ያልቃሉ። ኅዳር 28 ቀን ደግሞ አባወራው ቤቱን መርዝ እንዲለቀው ብለው፣ በቅንነት፣ ውሃውን በሙሉ ደፍተው ጠጠሩንም ስፖንጁንም በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡ። የቀሩት ባክቴሪያዎች አብረው ሄዱ። ቀድሞ የተዳከሙት ሁለቱ ዓሣዎች አልቻሉም፤ ታኅሣሥ 2 ሞቱ።

«አምባዛ እኮ በጭቃ የሚኖር ነው፣ ቆሻሻ አይገድለውም» ያላችሁን አላችሁ። ትልቁ አምባዛ አየር የሚተነፍስበት የተለየ አካል ስላለው ጭቃ ውስጥም ይቆያል፤ ትንሹን ግን በእሱ መለካት አይገባም። የሻጩም ወሬ ብዙ አሳስቷል። «ይህ ጠራጊ ነው፣ የሌላውን ቆሻሻ እየበላ ይኖራል፣ ለብቻው መቀለብ አያስፈልግም» ብሎ ነው የሸጠላቸው። ኮሪዶራስ ኩስ አይበላም። ወደ ሥር የሚሰምጥ የራሱ ምግብ ይፈልጋል፤ ከላይ የተረፈውን ብቻ ሲጠብቅ ይራባል፣ የተረፈው በዝቶ ሲበሰብስ ደግሞ ይመረዛል።

ዓሣ ያላችሁ ሌሎች ሦስት ቤቶች እንዳላችሁ እናውቃለን። ጠጠሩን ሳሱት፤ በየሳምንቱ ከውሃው ሩብ ያህሉን ከሥር በቱቦ እየሳባችሁ አውጡ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የምትተኩትን በርሜል ላይ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ቀን አቆዩት፤ የቧንቧው ክሎሪን ይወጣለታል። ስፖንጁን ከመስታወቱ በወጣው ውሃ ብቻ እጠቡ፤ ሳሙና አይነካውም። መብራት ሲጠፋ ምግብ አትስጡ፤ ውሃውን በኩባያ እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱበት።

አባወራው የልጅቷን የሁለት ወር ደመወዝ ታኅሣሥ 25 ቀን በእኛ ፊት ቆጥረው ሰጥተዋል፤ ተመለሺም ብለዋታል። እሷ ግን አልመለስም ብላለች፤ መብቷ ነው። እስካሁን ሥራ አላገኘችም። ስለዚህ «መርዛለች» ብላችሁ ለሌላ አሠሪ የነገራችሁ ሰዎች፣ ስም አንጠራም፣ በዚህ ሳምንት ወደዚያው ቤት ሄዳችሁ እንዳልመረዘች ንገሩልን። በስልክ አይደለም፣ በእግራችሁ። ሠራተኛ የምትፈልጉም ካላችሁ ስብሰባው ሲያልቅ እዚህ ጠረጴዛ ዘንድ ኑ፤ አክስቷ ከኋላ ወንበር ላይ አሉ።

ስለ ዓሣው ይህን ያህል ነው። አሁን ወደ ቦዩ መዋጮ እንለፍ፤ ገንዘብ ያዣችን ደብተሩን ይዘው ቀርበዋል።